ያልተበላው ቤዛ

በአንድ ወቅት፣ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ልየው የሚባል ጀልባ ነጂ ነበር። ዓይኑን ሞራ ጋረደውና መሪውን መልቀቅ ግድ ሆነበት። ጀልባዋ አንድ፣ ልጆቹ ሦስት፤ መኳንንት፣ አስቻለውና ታናሿ ዝማም። ሁለት አዛዥ ያላት ጀልባ ደግሞ አለት ፈልጋ ትሄዳለች። ስለዚህ ልየው፣ «ከደሴቲቱ ንግሥ ስንመለስ ቁልፉን ጀልባዋን ለጠበቀልኝ እሰጣለሁ» አለ። ካለ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ መፍረድ አትችሉም። የዚያች ጀልባ ሞተር ሆዷ ውስጥ ነው፤ ከኋላዋ ግን ፕሮፔለሩን የያዘ የአሉሚኒየም እግር ውኃው ውስጥ ይወርዳል። ልዩ ልዩ ብረቶች ተነካክተው ውኃ ውስጥ ሲቀመጡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው እየተበላ ያልቃል። መላው ምንድን ነው? ከእግሩም የደከመ የማግኒዚየም ቁራጭ እግሩ ላይ ማሰር። ቁራጩ ይበላል፣ እግሩ ይተርፋል። ልየው «ቤዛ» ይለዋል። ቤዛ ሲበላ ደግ ነው፤ ግማሹ ሲያልቅ በሌላ ይቀየራል። የሚያስፈራው ሳይበላ ሲቀር ነው!

የንግሡ ዕለት ሠላሳ አንድ ሰው ጭነው ደሴቲቱ ደረሱ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ዝማም ክንዷን ውኃው ውስጥ ሰድዳ ቤዛውን ዳሰሰች። በየወሩ መዳሰስ የእሷ ሥራ ነበር፤ ሁለት ወር ግን ዘልላዋለች።

«አባዬ፣ ቤዛው ምንም አልተበላም።»

«ታዲያ እልል በይ እንጂ!» አለ አስቻለው። «ፊትሽን እንደዚህ የምታጠቁሪው ምን ሆነሽ ነው?»

ልየው ግን እየዳበሰ ወደ ጀልባዋ ኋላ ሄደ። «እግሩን አንሥታችሁ አስዳስሱኝ።»

ጣቱ ቤዛው ላይ ሲደርስ ተንሸራተተ። ቀለም ነው። ቀለም የተቀባ ቤዛ ውኃ አይነካውም፤ ውኃ ካልነካው አይበላም፤ እሱ ካልተበላ እግሩ ይበላል። ጣቱን ዝቅ ሲያደርግ እግሩ ፈንጣጣ የጨረሰው ፊት ሆኗል። አንዱ ጉድጓድ የትንሿ ጣቱን ጫፍ ዋጠ። ዝማም የእግሩን ዘይት መክፈቻ ላላ አድርጋ አየች፤ ዘይቱ ውኃ ገብቶበት እንደ አሬራ ነጥቷል። እንዲህ ያለ እግር መሀል ሐይቅ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል።

ዝማም ቁልፉን ነቅላ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። «ሁለት ወር ሳልዳስሰው ቀርቻለሁ፤ ማንም አይሳፈርም» አለች። ሕዝቡ ተንጫጫ። «ጠዋት አምጥታን የለም እንዴ?» አለ አንዱ ጎረምሳ። አንዲት እማሆይ፣ «ብረትም እንደኔ ጥርሱን ያመዋል ልጄ?» ሲሉ ሁሉም በዝማም ላይ ሳቀ። ጎረምሶቹ ከበቧት። «ሐይቁ ውስጥ ጣሉኝ፤ ቁልፉም አብሮኝ ይሰጥማል» አለች። ልየው ወደ ኋላ ስትል አልሰማም።

መኳንንት ከገዳሙ የደንገል ታንኳ ለምኖ ዕቃ ሊያመጣ ብቻውን ወደ ከተማ ቀዘፈ። ነፋሱ ተነሥቷል። ልየው የመቅዘፊያውን ድምፅ ጆሮው እስኪያጣው ተከተለው፤ ከዚያ በኋላ ማዕበሉን ብቻ። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ይህን ከልየው በላይ ማን ያውቃል? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የትንሽ ሞተር ድምፅ መጣ። መኳንንት መዳፉ ተልጦ፣ ሦስት ሰው እንኳ በማትችል የራሱ የዓሣ ጀልባ ደረሰ። ዘይትና የብረት ማጣበቂያ ይዟል፤ ቤዛ ግን ከተማው ውስጥ ስላልተገኘ፣ ቀለም የዘለቀውም አሮጌ ቤዛ ተፍቆ ስለማይታመን፣ የራሱን ጀልባ ቤዛ ፈትቶ አመጣ።

«ያንተዋ ጀልባስ?» አለ ልየው።

«ትበላለቻ፣ አባዬ።» ቀጥሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ። «ቀለሙን ገና ሲቀባ አይቼው ነበር። ወንድሜን ላለማስቀየም ዝም አልኩ።»

አስቻለውስ? መኳንንት እንደ ሄደ በሠላሳ አንዱ ሰው ፊት ቆሞ ነበር። «የቀባሁት እኔ ነኝ። ለንግሡ እንድታምር ብዬ።»  «እግሩን ስትቀባ ጣት የምታህል ባዶ ቦታ እንዳትተው» ያለው ራሱ ልየው ነበር፤ ስለ ቤዛው ማስጠንቀቁን ረስቶ። አስቻለው ይህን አላነሣም። ልየውም አላነሣም። ልጁ ጉማሬ በሚወጣበት ዳርቻ እስከ ደረቱ ገብቶ የቤዛውን መቀመጫ ቀለም በቢላዋ ሲፍቅ ዋለ፤ ቤዛ የሚሠራው ራቁት ብረት ራቁት ብረት ሲነካ ብቻ ነውና። ጉማሬው ቅርብ ሆኖ ሲያንኮራፋ እማሆይ «ውጣ ልጄ፣ ውጣ!» ብለው ጮኹ። የቢላዋው ድምፅ ትንሽ አቆመና ቀጠለ። ወንድሙ ሲደርስ ጉድጓዱን ደፈነ፣ ዘይቱን ቀየረ፣ ቤዛውን አጥብቆ አሰረ።

ማጣበቂያው ደርቆ ውኃውም ሲረጋ፣ ማለዳ ዝማም ሞተሩን አስነሣች። ልየው መንገዱን ሁሉ ጆሮውን ወደ ጀልባዋ እግር አድርጎ፣ የሞተሩ ድምፅ በተለወጠ ቁጥር የወንበሩን ጠርዝ እየጨበጠ ሄደ። ሠላሳ አንዱም በደኅና ወረዱ።

መሬት እንደ ረገጡ ዝማም ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ የአባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። ተሳፋሪው ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። «እሷ ባትከለክል የዓሣ ራት በሆንን!» አለ ትናንት የከበባት ጎረምሳ። «ሁለት ወር ባትዘልስ ኖሮ መች እዚህ ላይ እንደርስ ነበር?» አለው ሌላው። «የራሱን ቤዛ የሰጠ ይውሰድ!» «አይቶ ዝም ያለው?» እማሆይ በበኩላቸው፣ «ጉማሬ ፊት የቆመው ንስሓውን ጨርሷል» አሉ።

ልየው ሦስቱ ልጆቹ ከፊቱ ቆመው ሲተነፍሱ ይሰማዋል። ቁልፉን በመዳፉ ያገላብጣል። የሚያውቀውን እናንተም አሁን ታውቃላችሁ፤ ስለ ቀለሙ ትእዛዝ፣ ከእሱና ከአስቻለው ሌላ ሰው ያልሰማውን ጭምር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?