እግር እርካብ ሳይነካ

አንድ ሰው ነበረ፤ እናቱ ከወንዝ ማዶ ታማበት በቅሎ ሊከራይ የወጣ። ያለው አንድ በሬ ብቻ ነበር፤ የለም፣ ላስተካክል፤ በሬዎቹስ ሁለት ነበሩ፣ አንዱን ግን ለኪራዩ መያዣ ሰጥቶታል። ያ በሬ ካልተመለሰለት ጥማዱ ይፈርሳል፤ ክረምቱም ሳያርስ ያልፈዋል።

ውሉ በዋዜማው ተቋጥሯል፤ ግራጫዋ በቅሎ፣ በሁለት ቁና ገብስ። በማግስቱ ሲመጣ ግን ባለበቅሎው ያቀረበለት ባለጌጥ ኮርቻ የተጫነባትን ሰጋር በቅሎ ነበር።

«ግራጫዋ አነከሰችብኝ፣ ወንድሜ። በል ይቺን ውሰድ። ለእናት የማይሆን ምን አለ?»

«ኪራይዋስ?»

«ኧረ ተው! ስትመለስ እንነጋገራለን። ሰው ለሰው አይደለም እንዴ?»

የተሻለ እየሰጡት ዋጋ ደግሞ መጠየቅ ነውር መሰለው፤ ይሉኝታ አፉን ያዘው። በማዶው ተራራ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ወንዙ ከሞላ እናቱን አያገኛትም። ግራ እግሩን እርካቡ ውስጥ አገባ።

ያን ጊዜ ጎረቤቱ ትዝ አለው። እርሱም አምና እንዲሁ «እንነጋገራለን» ተብሎ ሰጋሯን ተቀብሎ ነበር፤ ሲመለስ የሰጋር ኪራይ ተጠየቀ፣ መክፈል ቢያቅተው በሬው በዚያው ቀረበት። ነጎድጓዱ አጉረመረመ። ሰውየው እግሩን ከእርካቡ አወጣ። ቆዳ ተሸክመው የሚያልፉ ሽማግሌ አየና ጮኸ፦

«በሕግ አምላክ! አባቴ፣ ዳኙን!»

በዚያ አገር ደንብ እንዲህ የተባለ መንገደኛ ሳይዳኝ አያልፍም። ሽማግሌው ሸክማቸውን አወረዱ።

«ቆዳዬ ሊረጥብብኝ ነው፤ ቶሎ ተናገሩ!» ሁለቱንም ከሰሙ በኋላ ወደ ባለበቅሎው ዞሩ። «ይህ ሰው ሰጋር ጠይቆሃል?»

«አልጠየቀኝም፤ ግን…»

«ግኑን ተወው። የተዋዋላችሁባት በቅሎ የታጣችው ከማን ዘንድ ነው?»

«ከእኔው።»

«እንግዲያው ጉድለቱ ያንተ ነው፤ ኪራዩም የግራጫዋ። ሂድ አንተ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች።»

ሲሻገር ውኃው ከሰጋሯ ሆድ ደርሶ ነበር፤ መዳኘቱ አዘግይቶታል፣ አልዋሽህም። ነገር ግን ሁለቱን ቁና ገብስ ከፍሎ እናቱንም በሬውንም ይዞ ቤቱ ገባ።

ልጄ ምንተስኖት፣ ለእህትህ ሠርግ የተከራየሃት ትንሿ መኪና «የለችም» ተብላ ትልቋን ቢያቀርቡልህ ምን እንደምታደርግ ጠይቀኸኛል። የመኪናዋ ቁልፍ እርካብህ ነው። ሳትቀበለው «ትልቅ የፈለግሁት እኔ ነኝ ወይስ ትንሿ የታጣችው ከእናንተ ዘንድ ነው?» በል። ከእነርሱ ከሆነ፣ ኪራዩ የቀድሞው መሆኑን ውሉ ላይ ይጻፉልህ፤ ከዚያ ፈርም። ያቺ መስመር ላንተ ባለቆዳው ሽማግሌ ናት። ሠርገኛው ይጣደፋል፣ ይሉኝታም ይይዝሃል፤ ያም ሰው ወንዙ እየሞላበት ነበር። «ስትመለስ እንነጋገራለን» የሚሉህ ነገር፣ ልጄ፣ ሳትሄድ ማለቅ ያለበት ነገር ነው።