ጦጣና ጃርት የደረቱት ድሪቶ

ድሮ ነው፤ እንስሳ እንደ ሰው የሚያማበት፣ ሰውም እንደ እንስሳ ዝም የሚልበት ዘመን። አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ተራራው ከፍ ያለ፣ ክረምቱ የከፋ፣ ውርጩ የጥንቸል ጆሮ የሚቆርጥ አገር ነበር፤ ይኼ ይበቃችኋል።

በዚያ አገር አንዲት ጦጣ ነበረች። አራት ወልዳ ሦስቱን ብርድ ወስዶባታል። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ስሙን አንዳርጌ አለችው። ልጁ ደረቱ ደካማ ነው፤ ደመና በመጣ ቁጥር ያስለዋል። ጦጣም ደመና ባየች ቁጥር "ይኼን አልሰጥህም!" እያለች ሰማዩን ትቆጣለች።

ጎረቤቷ አንዲት ጃርት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ነገር የማታበዛ። አንድ ቀን ጦጣ ልጇን ታቅፋ ከደጇ ቆመች።

"እመት ጃርት፣ እህቴ፣ ከጀርባሽ አንዲት እሾህ ስጪኝ።"

"ማንን ልትወጊባት?"

"ብርድን።"

ጃርት ሳቀችና ረጅሟን መርጣ ነቅላ ሰጠቻት። ጦጣ የእሾኋን ጫፍ በስታ የቃጫ ክር አስገባችባት። ከዚያ ሁለቱም ቁጭ ብለው ቁራጭ ጨርቅ ከቁራጭ ጨርቅ እየቀጠሉ ለአንዳርጌ ድሪቶ ደረቱለት። ላዩ ጨርቅ፣ ታቹ ጨርቅ፣ መሐሉ ታጥቦ የታጨቀ ቡትቶ፤ እንዳይንሸራተትም ከዳር እስከ ዳር በስፌት የተያዘ። ልጁ ተጠቅልሎበት ተኛ። ሲነጋ ሳል የለም።

ይኼ ወሬ በየጎሬው ዞረ። ጥንቸል፣ "ለልጆቼ!" ብላ መጣች። ሚዳቋ፣ "ለወገቤ!" አለች። ከርከሮ፣ "እኔስ ከማን አንሼ?" አለ። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ጓደኛሞች ድሪቶ መደረቱን መተዳደሪያቸው አደረጉት። ጎመን ያለው ጎመን፣ ሥራ ሥር የቆፈረ ሥራ ሥር እያመጣ ጎተራቸውን ሞላላቸው።

ሥራውን ተካፈሉት። ጨርቅ መልቀም የጦጣ፣ በእንዶድ አጥቦ ማስጣት የጃርት፣ መስፋቱ የሁለቱም። ጃርት አንድ ሕግ ነበራት፤ "ሦስት ውሃ፣ ሦስት ፀሐይ፣ ከዚያ መርፌ።" ሦስት ጊዜ ያልታጠበና ሦስት ቀን ፀሐይ ያልመታው ጨርቅ ላይ እሾኋን አታሳርፍም።

ደንበኛ ግን መቼ ይታገሣል? ከርከሮ በማለዳ ደጃቸው ላይ ቆሞ ያጉረመርማል።

"እመት ጃርት፣ ድሪቶዬ የት ደረሰ?"

"ፀሐይ ላይ ነው፣ አያ ከርከሮ።"

"ትናንትም ፀሐይ ላይ ነው ብለሽኝ ነበር!"

"ትናንት ሁለተኛው ፀሐይ ነው፤ ዛሬ ሦስተኛው።"

"እኔ ያዘዝኩት ድሪቶ ነው ወይስ በርበሬ?"

ጃርት ሳቀች። ጦጣ ግን አልሳቀችም፤ ከርከሮ ተቆጥቶ ሲሄድ ጎመኑም ሥራ ሥሩም አብሮት ሲሄድ ነው የታያት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነብር ራሱ መጣ። ነብር ሲመጣ ቆይ አይባልም። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና አንዳርጌ የተጠቀለለበት ድሪቶ ላይ ዓይኑን ጣለ።

"ይኼ ለእግሬ ይበቃኛል።"

"አያ ነብሮ፣ እሱ የልጄ ነው" አለች ጦጣ።

"ከሰጠሽኝ ዘመዶቼን በሙሉ ወዳንቺ እልካለሁ።"

ጦጣ ልጇን አየች፤ የነብርን ዘመዶች አሰበች። አንሥታ ሰጠችው። "ለልጄ ነገ እደርትለታለሁ" አለች። ነገ ደግሞ የማንንም ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም።

የነብር ዘመዶች እውነትም መጡ። ጨርቅ አለቀ። በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ የዝንጀሮዎች ሰፈር ተስቦ ገብቶ ግማሹን ፈጅቶት ነበር። በዚያ አገር ወግ ተስቦ የገደለው ሰው ልብስ አይወረስም፤ አጋም ቁጥቋጦ ላይ ይጣልና ፀሐይና ዝናብ ይበሉታል፤ መንገደኛ ዞሮ ያልፈዋል እንጂ አይነካውም። ጦጣ ወንዙን ተሻግራ የአጋሙን ቁጥቋጦ አየች። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ዳር እስከ ዳር ጨርቅ! "ሙት አይበርደው" አለችና ሸክሟን አስራ ተመለሰች።

"ከየት አመጣሽው?" አለች ጃርት።

"ከሰርግ ቤት።"

ጃርት አፍንጫዋን አስጠጋች። "ይኼ የሰርግ ሽታ አይደለም።"

"ታዲያ ከበሮ ላምጣልሽ? ስሚኝ እህቴ፣ ደንበኛ ደጅ ቆሟል። የላዩንና የታቹን አንቺ እጠቢ፣ የመሐሉን ለኔ ተይው። ውስጡን ማን ያየዋል?"

ጃርት አፏን ከፈተች። ጎተራውን አየች። አፏን መልሳ ዘጋች።

ዝናቡ ወረደ፤ ድሪቶው በየቤቱ ገባ። አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ ጥንቸል እያለከለከች መጣች።

"እመት ጦጣ፣ ልጆቼን ብርድ ብርድ ይላቸዋል! ያንዘፈዝፋቸዋል! አንድ ወፈር ያለ ጨምሪልኝ።"

"እጨምራለሁ፣ የኔ እህት!" አለች ጦጣ። የአጋሙን ጨርቅ በእጥፍ አጨቀችበት። ውስጡን ማን ያየዋል?

በሳምንቱ ጥንቸል ሁለቱን ልጆቿን ቀበረች። ቀጥሎ ከርከሮ መጣ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ሚስቴን ይበርዳታል፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል! ወፍራም ስጪኝ።"

ወፍራሙን ሰጠችው። ውስጡን ማን ያየዋል? የከርከሮም ሚስት ሞተች።

ነገሩ ገባችሁ? ድሪቶው በገባበት ቤት ይበርዳቸዋል፤ በበረዳቸው ቁጥር ድሪቶ ይጨምራሉ፤ በጨመሩ ቁጥር ይብስባቸዋል። እንዲህ ያለ ገበያ ሰይጣን እንኳ ተመኝቶ አያውቅም። ጎተራው ሞልቶ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ በልቶ የሚጨርሰውም ጠፋ።

ጃርት አንድ ቀን መርፌዋን አስቀመጠች።

"እመት ጦጣ፣ ድሪቷችን የገባበት ቤት ሁሉ ሙሾ እየወጣ ነው።"

"ክረምት ነዋ። በክረምት ይሞታል።"

"ብንነግራቸውስ?"

"ንገሪያቸዋ! ላዩን ያጠብሽው አንቺ አይደለሽ? ማን ከኔ ይለይሻል?"

ጃርት ጥቂት አሰበችና መርፌዋን መልሳ አነሣች።

በዚህ መሐል አንዳርጌ ዝናብ መታው። ድሪቶው ነብር እግር ላይ ነው፤ ሌላው አልተደረተለትም። ሳሉ ተነሣበት። ሳል ብቻ ነው፤ ሌላ ሕመም የለበትም። ጎረቤት ሰማና የታመመ ሊጠይቅ መጣ። በጎ ጎረቤቶች ነበሩ፣ የራሳቸውን ሐዘን ሳይጨርሱ የሰው ሕመም የሚጠይቁ። ጥንቸል ከሁሉ ቀድማ ገባች፤ አንድ ድሪቶ አጥፋ ታቅፋለች።

"እመት ጦጣ፣ ለልጆቼ ብለሽ ደክመሽበት ነበር። እነሱ አላደላቸውም። ላንቺ ልጅ ይሁን" አለችና ዘርግታ አለበሰችው።

በዚያ አገር ልጅ የቀበረች እናት የሰጠችውን መመለስ መቃብሩ ላይ መትፋት ነው። ጦጣን እንዳታነሣው ወጉ፣ እንዳትናገር ጉዷ ያዛት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። በልቧ ግን "ሲወጡ ወዲያ እወረውረዋለሁ" ትላለች።

እነሱ ግን አልወጡም። ዝናቡ በረታ፣ ወንዙ ሞላ፣ መንገዱ ተዘጋ። ጠያቂው ሁሉ አንዳርጌን ከብቦ ተቀመጠ።

"ውይ፣ የልጁ ትከሻ ተገልጧል!" ብላ ሚዳቋ ድሪቶውን ወደ ላይ ትስባለች።

"ሞቆታል፣ ተዪው" ብላ ጦጣ ወደ ታች ትስባለች።

"ምን ሞቆት! ሲያስለው እየሰማሽ? አንቺ ደግሞ፣ ለሰው ስትሰፊ ልጅሽን ረሳሽው!" ብሎ ከርከሮ እስከ አንገቱ ይሸፍነዋል።

አንድ ቀን ሆነ። ጃርት ጥግ ላይ ተቀምጣ ጦጣን ታያለች፤ ጦጣም እሷን። ሁለት ቀን ሆነ። አንዷ "አሁን ትናገራለች" ስትል ሌላዋም "አሁን ትናገራለች" ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ከድሪቶው ስፌት አንዲት ቅማል ወጥታ በልጁ ጆሮ ሥር ሄደች። ጦጣ ብድግ አለች።

"አንሱት! አንሱልኝ! የሙት ነው! ከአጋሙ ላይ ነው ያመጣሁት!"

ከርከሮ ስፌቱን በክራንቻው ቀደደው። መሐሉ የማዶ ዝንጀሮዎች ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁም ይንቀሳቀሳል።

ጥንቸል ጦጣን አላየቻትም። ዞራ ያየችው ጃርትን ነው።

"አንቺስ፣ አጣቢዋ?"

"ሸቶኝ ነበር" አለች ጃርት።

"መቼ?"

"የመጀመሪያው ቀን።"

ጥንቸል አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ሄደች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

አንዳርጌን በሁለተኛው ሳምንት ያንዘፈዝፈው ጀመር። ጦጣ እላዩ ላይ ተኛችበት፣ በገላዋ ሸፈነችው፤ አልሞቀውም። በሞተ ጊዜ ለቀብር የመጣ አንድ ጎረቤት አልነበረም። ጃርት ብቻ መጥታ ከጦጣ ጎን ጉድጓዱን ቆፈረች። አፈሩን መልሰው አንዷ በላይ፣ አንዷ በታች ሄደች። ዳግመኛ አብረው አልተቀመጡም።

አገሩ ድሪቶውን ሁሉ ሰብስቦ አቃጠለ። ከቅማል የተረፈውንም ክረምቱ ራቁቱን አግኝቶ የድርሻውን ወሰደ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ጃርት ኮሽታ በሰማች ቁጥር እሾኋን ታንኳኳለች፤ ያኔ ሳትናገረው የቀረችውን መናገሯ ነው፤ አሁን ማን ይሰማታል? ጦጣም ልጅ በወለደች ቁጥር ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሩን ትገልጣለች፣ ትፈልጋለች፣ እንደገና ትገልጣለች። አገኘሁ ብላም አታርፍ፣ አጣሁ ብላም አታርፍ። መንገደኛም አይቷት፣ "ልጇን እንዴት ብትወደው ነው!" ብሎ ያልፋል።

የሰማችሁ ላልሰማ አድርሱ፣ ልጆችም ትልልቆችም፤ አፍ ሲዘገይ አካፋ ይቀድማል።