የእንሽላሊቷ መርዶ

በአንድ ወቅት፣ ውርጭ የደብረ ብርሃንን ባቄላ ባቃጠለበት ዓመት፣ ይርዳው የሚባል ወጣት አናጢ ሚስቱ ሞተችበት። ዘመድ ተማከረና መርዶውን ከስድስት ዓመት ልጁ ከምንታምር ደበቀ። «እማዬ ጠበል ሄዳለች» አሏት። ልጅቱ ሁለት ወር ሙሉ በር በሩን ስታይ ከረመች። እውነቱን የነገራት የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የአባቷን ቃል ማመን ተወች። በሩን ዘግቻለሁ ሲላት እንኳ ሄዳ ትነካዋለች።

የይርዳው ታናሽ ወንድም ገዛኸኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ በወተት ቆርቆሮ አንዲት እንሽላሊት ይዞላት መጣ። ምንታምር «ሮቢት» ብላ ስም አወጣችላት፤ የጫማ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፈችላት፤ ዝንብ እያደነች አበላቻት። ካርቶኑን ስትከድን «ነገም አለሽ አይደል?» ስትላት ይርዳው ሰማ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሳትነቃ በየጠዋቱ ካርቶኑን እየከፈተ ማየት ጀመረ።

በስድስተኛው ቀን ሲከፍት እንሽላሊቷ እንደ እንጨት ደርቃለች። ነካት፤ በረዶ ሆናለች። ወንድሙንና እህቱን አስካለን ቀሰቀሰ።

«ቁርጥ እሷን የመሰለች አመጣለሁ» አለ ገዛኸኝ በሹክሹክታ። «እስከዚያ ካርቶኑን ደብቁት። ልጅ ምን ታውቃለች?»

«ያኔም እንዲሁ ነበር ያልነው» አለ ይርዳው።

ገዛኸኝ የወተት ቆርቆሮውን አንስቶ ወጣ። በጣርማ በር ጭጋግ ቁልቁል ነዳ። ቆላ ወርዶ እባብ በሚውልበት የድንጋይ ክምር ውስጥ ባዶ እጁን እየሰደደ ፈለገ።

አስካለ እንሽላሊት ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት ናት። የዚያን ጠዋት ግን ዓይኗን ጨፍና አነሳቻትና ጡቷ ሥር ሸጎጠቻት።

«ምን ሆነሻል?» አላት ይርዳው።

«እንጃ። ቀዝቅዛለች።»

«ሞታለች እኮ።»

«ሞታም ከሆነ ትሙቅ። አታናግረኝ፣ እጥላታለሁ።»

ይርዳው ልጁን ቀሰቀሰ። ገና ጎህ ሲቀድ ነበር፤ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት። ጋቢ አለበሳትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሮቢት ሞታለች። አሁን ነው ያየሁት። አልደብቅሽም።»

ምንታምር እንደ ወትሮዋ ሄዳ አልነካችም። ተነስታ እቅፉ ውስጥ ገባች።

«እማዬም ስትሞት ቀዝቅዛ ነበር?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን አብረው አለቀሱ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል አስካለ ጮኸች። ደረቷን የሆነ ነገር ቧጠጣት። ቀሚሷን ስታራግፍ እንሽላሊቷ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ዓይኗን ገለጠች፤ ወደ ፀሐዩ ተሳበች። ምንታምር ከአባቷ ጉልበት ቀስ ብላ ወረደች።

«ሞታለች ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«መስሎኝ ነው፣ ልጄ። ለካ ብርዱ ነው ያደረቃት።»

«እማዬንስ ያሞቃት ሰው ነበር?»

ይርዳው ልጁ በሩን ደግማ ስታይ አየ። ያንን በር እንደገና ሁለት ወር ታየዋለች ብሎ ሚስቱን ከቀበረበት ቀን ይልቅ ፈራ።

ቀትር ላይ ገዛኸኝ ገባ፤ እጁን ድንጋይ ቧጥጦት ደም በደም ሆኗል፣ ቆርቆሮ ታቅፏል። «ሮቢት ጠፍታ ነበር፤ መንገድ ላይ አገኘኋትልሽ» አላት። ምንታምር ቆርቆሮውን ከፍታ አየች፣ ወለሉ ላይ ያለችውን አየች፣ አባቷን፣ አክስቷንና አጎቷን በየተራ አየች። ከዚያ ሄዳ በሩ ሥር ተቀመጠች።

ነገ ጎህ ሲቀድ ከሦስቱ አንዱ ቁጭ ብሎ እናቷ እንደማትመለስ ዳግም ሊነግራት ግድ ነው። ገዛኸኝ እባብ ይነድፈኛል ሳይል እጁን ሰዶላታል፤ ግን ዋሽቷታል። አስካለ ሳታውቅ የልጅቱን እንስሳ አድናለች፤ እናቴም ትነሳ ይሆናል የሚል ተስፋ ያሳደረችባት ግን እሷው ናት። ይርዳው እንዳየው ነገራት፤ ያየው ግን እውነት ሆኖ አልተገኘም። እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ መርዶውን ሊያረዳት የሚገባው ከሦስቱ የትኛው ነው?