የበቀቀኖቹ ሽማግሌ

ጆሮውን የሚያውሰኝ ይጠጋ። እየደጋገምኩ ስለማወራ መንገድ የሚጠፋበት የለም።

ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ አንዲት ነገር ብቻ አማራት፤ ጥንድ በቀቀን ማርባት። እትዬ ወለላ የሚባሉ አሮጊት ደግሞ ወንድና ሴት፣ ጥንድ በቀቀን አሏቸው። ልጃቸው ግን የሚያወራውን ወንዱን ብቻ ቅዳሜ ለሆቴል ቤት ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ሴቷስ ብቻዋን ምን ትሆናለች? ትርንጎ እትዬ ወለላ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ፣ ሳይለያዩ ለኔ ይስጡኝ።»

«ልጄ ቃሉን የሚያጥፈው ሽማግሌ ከለመነው ነው። ያለ ሽማግሌ አልሰጥም» አሉ።

ትርንጎ ስንቱን የዳሩት አቶ ደባልቄ ዘንድ ሄደች። «ጋሽ ደባልቄ፣ ይለምኑልኝ፤ እትዬ ወለላ ያለ ሽማግሌ አልሰጥም አሉ።»

«ሙሽሮቹ የት ሊገቡ ነው? ቤታቸውን ሳላይ አልለምንም!»

በያጁ ሞላልኝ ዘንድ ሄደች። «ሞላልኝ፣ ክንፍ የሚያስዘረጋ ሰፊ የሽቦ ቤት በይድልኝ፤ ጋሽ ደባልቄ ቤት ሳላይ አልለምንም አሉ፤ እትዬ ወለላ ያለ ሽማግሌ አልሰጥም አሉ።»

«ባለፈው የበየድኩትን የዶሮ ቤት ጎረቤት አስፈረሰኝ። ጎረቤትሽ ሳይፈቅድ አልበይድም!»

ጎረቤቷ ጋሽ ሽብሩ ሌሊት መጋዘን ጠብቀው ቀን የሚተኙ ሰው ናቸው። «ጋሽ ሽብሩ፣ ይፍቀዱልኝ፤ ሞላልኝ ጎረቤት ሳይፈቅድ አልበይድም አለ፤ ጋሽ ደባልቄ ቤት ሳላይ አልለምንም አሉ፤ እትዬ ወለላ ያለ ሽማግሌ አልሰጥም አሉ።»

«በቀቀን ይጮሃል ይባላል። ጩኸታቸውን ሳልሰማ አልፈቅድም!»

ተመልሳ እትዬ ወለላ ዘንድ ሮጠች። «እትዬ፣ በር ይክፈቱልን፤ ጋሽ ሽብሩ ጩኸት ሳልሰማ አልፈቅድም አሉ፤ ሞላልኝ ጎረቤት ሳይፈቅድ አልበይድም አለ፤ ጋሽ ደባልቄ ቤት ሳላይ አልለምንም አሉ፤ እርስዎም ያለ ሽማግሌ አልሰጥም አሉ።»

«ወፎቼ እንግዳ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ለሽማግሌ ካልሆነ በሬን አልከፍትም!»

ነገሩ ዞሮ ዞሮ የራሱን ጭራ ያዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። የእኛዋ ትርንጎ ግን ሳቀች። «ጋሽ ሽብሩ፣ ሽበትዎ ከማን ያንሳል? ጋቢዎን ይልበሱና እርስዎ ራስዎ ሽማግሌ ይሁኑኝ!»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሽብሩ ጋቢያቸውን ለብሰው ከትርንጎ ጋር እትዬ ወለላ ደጅ ደረሱ። ልጅየው ወንዱን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ከበሩ ሊወጣ ነው። ወንዱ ከካርቶኑ ይጮሃል፤ ሴቷ ከውስጥ ሽቦውን እየነከሰች ትጮሃለች። ጋሽ ሽብሩ ጆሯቸውን ያዙ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱና በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ በሽበቴ ይዤሃለሁ፣ መልሰው።»

ልጅየው ሽማግሌ ገፍቶ ማለፍ አልቻለም። መለሰው። ሁለቱ ወፎች ራስ ለራስ ተደጋግፈው ጸጥ አሉ። እትዬ ወለላ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ለሆቴሉ የገባሁት ቃል አለብኝ፤ እስከ ነገ ግን ልታገስ» አለ ልጅየው።

«ሰማሁ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «የሚጮኹት ሲለያዩ ነው። አብረው ይምጡ፤ ፈቅጃለሁ።»

ጋሽ ሽብሩ ፈቀዱ፣ ሞላልኝ በየደ፤ ሞላልኝ በየደ፣ ጋሽ ደባልቄ ቤቱን አዩ፤ ጋሽ ደባልቄ ቤቱን አዩ፣ ሄደው ለመኑ፤ ሄደው ለመኑ፣ ልጅየው ቃሉን አጠፈ፤ ልጅየው ቃሉን አጠፈ፣ እትዬ ወለላ ሰጡ።

ትርንጎም ሁለቱን በአንድ ካርቶን አቅፋ ወጣች። እስከ ቤቷ ድረስ ድምፃቸው አልተሰማም።