«እማማ፣ ላንሳዎት?»

አንዲት ልብስ ሰፊ ካሜራ ገዛች። ምኞቷ መንገድ ላይ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰው ፎቶ ማንሳት ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰው ትፈራለች። እናንተዬ፣ ሰው የሚፈራ ሰው፣ ሰው ሊያነሳ!

መጀመሪያ የያዘችው ሌንስ ከሩቅ ስቦ የሚያቀርብ ነበር። ግንብ ተከልላ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታነሳለች። ቤት ገብታ ስታየው ጀርባ ነው፣ ጃንጥላ ነው፣ ዞር ያለ ፊት ነው። አንድም ሰው አያያትም። «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብላ ልትተወው ደረሰች።

ከመተዋ በፊት ግን ጋሽ አንዳርጌ ዘንድ ሄደች። ከመናኸሪያው በላይ ካሜራ የሚጠግኑና የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። የማያቀርብ፣ የማያርቅ፣ ባለበት የሚረጋ ሌንስ ለጀማሪ ይሻላል ሲባል ሰምታለች። ጋሽ አንዳርጌ ሁለት አወጡላት።

«ይሄ ሌንስ ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር ነው። ማዶ ሆነሽ ፊቱን ያመጣልሻል፤ ሰውየው አንቺን አያይም።»

«እሱን ይስጡኝ!» አለች። ሌላ ምን ትበል?

«ቆይ እንጂ! ይሄኛው ሠላሳ አምስት ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ድረስ ካልተጠጋሽ ሰው ጉንዳን ያክልብሻል። ይሄ ሌንስ ያለ ሰላምታ አይሠራም፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰላም ማለት ራሱ ይጨንቀኛል።»

«ለዚህ እኮ ነው እሱን የምሰጥሽ። እስከ ቅዳሜ ሞክሪው። እምቢ ካለሽ መልሺና ያኛውን ውሰጂ።»

ሳምንቱን ሙሉ ምን አነሳች? የተዘጋ የሱቅ በር፣ ሁለት ውሾች፣ የራሷን ጥላ። ቅዳሜ ጠዋት ሌንሱን ልትመልስ ወጣች።

መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት የጌሾ እስራቸውን አጠገባቸው አድርገው ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያምራል። «እንግዲህ አንዴ ልሞክርና ይውጣልኝ» አለች። ልቧ እየመታ ተጠጋች። ሦስት እርምጃ። ሁለት እርምጃ።

«እማማ፣ ላንሳዎት?»

እማማ ቀና አሉ። «እሰይ፣ ልጄ! ተባረኪ! ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ስንቱ አለፈኝ መሰለሽ!» አሉና እጃቸውን ዘረጉላት።

ሰማችሁ? እሷ ፎቶ ማለቷ ነው። እማማ የሰሙት ግን ሌላውን ማንሳት ነው፣ የተቀመጠን ማቆሙን። ማዶ ቆማ ቢሆን ኖሮ ይህ እጅ ይደርሳት ነበር?

ካሜራውን አንገቷ ላይ ለቀቀችው። በሁለት እጇ ይዛ አነሳቻቸው፤ ጌሾውንም አሸከመቻቸው። ከዚያ በኀፍረት፣ «እማማ፣ እኔ እንኳ ፎቶ ላነሳዎት ነበር» አለች።

እማማ ሳቁ። «ታዲያ ምን ቸገረሽ? አሁን ቆሜያለሁ፤ አሁን አንሺኛ!»

አነሳቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶዋ ውስጥ ሰው አያት። ሌንሱም ሳይመለስ ቀረ።

ወገኖቼ፣ የእናንተስ ሌንስ የትኛው ነው? ጎረቤታችሁን የምታውቁት ከስንት እርምጃ ነው? የታመመውን ከሩቅ አይተን፣ ከንፈር መጥጠን፣ እናልፋለን። አዘንን እንላለን፤ አልዋሸንም፣ አዝነናል። ግን ማንን አነሳን?

እኔንም አትተዉኝ። ከዚህ ከፍ ካለ የስብከት ቦታ ቆሜ ስታለቅሱ አይቻለሁ፤ ወርጄ ስማችሁን ያልጠየቅኋችሁ ብዙ ናችሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ጌታችን ግን ማዶ ሆኖ አላየንም። ወረደ፣ ተጠጋ፣ እጃችንን ያዘ። በሩቅ የተነሳ አንድም ሰው የለም።

ትፈራላችሁ? እሷም ፈርታ ነበር። የተጠጋችው ፍርሃቷ ሳይለቃት ነው። እግር ከልብ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል፤ ልብ ኋላ ይደርሳል፣ አይዟችሁ።

አሁን ስትወጡ በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ታገኛላችሁ። ስትገቡም ነበሩ። ሁለት እርምጃ ተጠጉ፣ ሰላም በሉ፣ «ላንሳዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እጃቸውን ከዘረጉላችሁ፣ ጥያቄው ገብቷቸዋል።