ያልጎረሰው ሽጉጥ

ሽጉጥ በአንዲት ፍየል ዋጋ በሚገኝበት በአንድ ወቅት፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ቆላ ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጓንጉል ሊሞት ሲል በነፍስ አባቱ ፊት፣ «ከሦስቱ ልጆቼ እናታቸውን ከሞት ያዳነ ቤቴን ይውረስ» ብሎ ተናዘዘ። ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ሽፍቶች በጠራራ ፀሐይ ከብት እየነዱ፣ እንቢ ያላቸውን በስለት ይጥሉ ነበር።

የበኩር ልጁ ደረበ ኀዘኑ ሳይወጣለት ገበያ ወረደ። ጠመንጃ ለመግዛት አቅም አልነበረውም፤ አንድ የማያውቀው ሰው ግን ሽጉጥ ከሦስት ጥይት ጋር በፍየል ለወጠው። በሳምንቱ ሻጩን ቢፈልግ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ነገረው።

«ይህን ነገር ከቤቴ አውጣ» አለችው ይታይሽ።

«እማዬ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አላትና ምሰሶው ላይ ሰቀለው።

ሴት ልጇ አንጓች ሽጉጡን አውርዳ አገላበጠችው። ቃታው ልል ነበር፤ ዶሮ ብትነካው ይተኩሳል። ለማንም ሳትናገር ሦስቱንም ጥይቶች አወጣችና ወንዝ ጣለቻቸው። ብትናገር ወንድሟ ሌላ እንደሚገዛ ታውቃለች። «ከሽፍታ እግዜር ያወጣናል፤ ከራሳችን ማን ያወጣናል?» ብላ ነው።

አርባው ደረሰ። በዚያ አገር ወግ ሚስት የሟቹን ልብስ ለብሳ ታለቅሳለች። ይታይሽም የባሏን ጋቢ ተከናንባ፣ ባርኔጣውን ደፍታ ከአልቃሾቹ መሐል ሳለች፣ ከዘራው ቤት መረሳቱ ትዝ አላት። ልታመጣው ብቻዋን ተመለሰች። ጊዜው ቀትር ነበር፤ ጥላ እግር ሥር የሚገባበት፣ ሰው በር ዘግቶ የሚቀመጥበት ሰዓት።

ቤት የቀረው ትንሹ ልጇ ሞላልኝ ብቻ ነው። ወባ አስተኝቶት ስለነበር እናቱ ስትለብስ አላየም።

«ሞላልኝ» አለችው ከደጃፉ ቆማ። ድምጿ በልቅሶ ሻክሮ የወንድ መስሏል።

ልጇ ቀና ሲል ዓይኑ ፈጠጠ። የሚያየው የቀበረውን አባቱን ነበር። ከመደቡ ተነሥቶ ሽጉጡን ከምሰሶው መነጨቀና ደረቷ ላይ አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ።

ቀጭ አለ።

ይታይሽ ባርኔጣውን አወለቀች። «እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ወዲያው ከኋላዋ ኮቴ ተሰማ። ሰው ሁሉ ልቅሶ ላይ መሆኑን ያዩ ሦስት ሽፍቶች ተከትለዋት ኖሮ ስለት ይዘው ግቢ ገብተዋል። ሞላልኝ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አሁን ያውቃል። ያም ሆኖ እናቱን አልፎ ወጣና በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ አነጣጠረባቸው። ሽፍቶቹ የሽጉጡን አፍ አዩ፤ የልጁን እጅ አዩ፤ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ። እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

በሙት ዓመቱ ሽማግሌዎች ኑዛዜውን ሊፈጽሙ ዋርካው ሥር ተቀመጡ።

«ሽጉጡ ባይኖር በምን ይመለሱ ነበር?» አለ ደረበ።

«ጥይቱን ወንዝ ባልጥለው እማዬ ዛሬ የት ትሆን ነበር?» አለች አንጓች።

ሞላልኝ አቀርቅሮ፣ «ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ቆሜአለሁ» አለ።

«እትዬ ይታይሽ፣ የዳንሺው አንቺ ነሽ፤ ፍረጂ» አሏት ሽማግሌዎቹ።

ይታይሽ ሦስቱንም ትወዳለች። ሞላልኝን ደግሞ አብልጣ ትወዳለች፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታው መቀመጥ አልቻለችም፤ ይህም ያሳፍራታል። ያላወራችው ሌላም ነገር አለ። በየቀኑ ቀትር ሲሆን፣ ማንም ሳይነካው፣ ሽጉጡ ከምሰሶው ላይ ቀጭ ይላል። የአገሩ ሰው ባዶ መሣሪያ ሰይጣን ያጎርሰዋል ይላል። አውጥታ እንዳትጥለው ሽፍቶቹ የራቁት እሱን ፈርተው ነው። ቤቱን የሚወርስም ምሰሶውን ከተሰቀለበት ሽጉጥ ጋር ይወርሳል።

እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ቤቱ ለማን ይገባል? ሽጉጡን ለገዛው ነው፣ ጥይቱን ለጣለችው፣ ወይስ ባዶውን ይዞ ለቆመው? ብቻ ቶሎ በሉ፤ የዋርካው ጥላ እያጠረ ነው።