እትዬ ገብስማ ተከላካይ ስታሰለጥን

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ወሬውን ተዉና ስሙ። እኔ ሳወራ እናንተ «እህ» በሉ። «እህ» ያላለ መሃል ላይ ይተኛል፤ የተኛ ደግሞ ጎሉን አያይም።

ዱሮ ነው፤ በጣም ዱሮ። እንስሳት ሜዳ ገብተው ኳስ ሲጫወቱ የሰው ልጅ ዳር ቆሞ ያጨበጭብ በነበረበት ዘመን ነው። በአንድ ገደል ሥር ሁለት ሰፈሮች ነበሩ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። መሃላቸው አንዲት ምንጭ አለች። ክረምት ሲወጣ ሁለቱ ሰፈሮች አንድ ጨዋታ ይገጥማሉ። ያሸነፈው በጋውን ሙሉ ከምንጯ ቀድሞ ይጠጣል። የተሸነፈው የሚጠጣው ያሸነፈው ጠጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተንቦራጭቆ ሲጨርስ ነው። እሱን ውሃ አትበሉት፣ ጭቃ ነው።

የታች ሰፈር ሦስት ዓመት ጭቃ ጠጣ።

የታች ሰፈር በረኛ ጉሬዛ ነበር። ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ በሁለት ድንጋዮች መሃል ይቆማል፤ አይናገርም። ጎል ሲገባበት ኳሷን ያወጣል፣ ሲገባበት ያወጣል። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ገባበት። በሁለተኛው ሰባት። በሦስተኛው ዘጠኝ። በጋ መጥቶ ሰልፍ ሲይዙ፣ «እስቲ ለበረኛችን ቅዱለት! ወፍራም ወፍራሙን!» ይሉታል። ይስቃሉ፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ሆዱ ግን አይስቅም። ዘንድሮም ጭቃ ከሆነ ዛፉ ላይ ወጥቶ ላይወርድ ለራሱ ምሏል።

ጎል ማግባቱስ አልቸገራቸውም። ጥንቸል በየጨዋታው አንድ ሁለት ታገባለች። ችግሩ ከኋላ ነው። ከኋላ ሦስት ናቸው፤ አያ ጅቦ፣ አህያና ከርከሮ። ከርከሮ ኳስ ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል፤ ኳሷ ትዞራለች፣ እሱ አይዞርም፤ ወንዝ ዳር ነው ሄደው የሚያገኙት። አህያ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ጅብ ከኋላው ቆሞ እንዴት ፊት ለፊት ይመልከት? ዞሮ ይቆማል። ኳሷ ወዲያ፣ ዓይኑ ወዲህ። አያ ጅቦም የአህያን ጭን እያየ ምራቁን ይውጣል። እንግዲህ የላይ ሰፈሩ አጥቂ ሸለምጥማጥ በመሃል ሾልኮ ሲገባ ማን ይየው?

የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ኤሊ ስብሰባ ጠሩ። «ልጆች፣ ለተከላካዮቹ አሰልጣኝ ይፈለግ» አሉ።

መጀመሪያ ነብር ተነሣ። «እኔ ላሰልጥን። እኔን የማይፈራ የለም።»

ጥንቸል ከኋላ ሆና፣ «እሱስ ልክ ነው። ግን ስንት ሆነን ልምምድ ሄደን ስንት ሆነን ነው የምንመለሰው?» አለች። ሰፈሩ ሳቀ። ነብር ተቀመጠ።

ቀጥሎ ዝሆን ተነሣ። «እኔ ላሰልጥን። ዘዴዬ አንድ ነው፤ ጎሉ ላይ መቀመጥ። እንደዚህ።» ብሎ ተቀመጠ። ሲነሣ ሁለቱ ድንጋዮች መሬት ገብተው ጠፉ። ሲቆፍሩ ዋሉ። ዝሆንም በቃ።

ጋሽ ኤሊ አንገታቸውን ከድንጋይ ልብሳቸው ወጣ አድርገው፣ «እኔ አንዲት አስቤአለሁ። ገብስማ ትምጣ» አሉ።

ገብስማ ዶሮ ናት። ከአጥሩ ሥር እየጫረች የምትኖር፣ ሰባት ጫጩት የምታሳድግ፣ ኳስ ነክታ የማታውቅ ዶሮ።

አያ ጅቦ ሳቀ። ቆሞ ሳቀ፣ ተቀምጦ ሳቀ፣ ተንከባሎ ሳቀ። «አቦ ጋሽ ኤሊ! እኔን ዶሮ? እኔ እኮ እሷን በአንድ ጉርሻ...»

እትዬ ገብስማ ጫጩቶቿን እየመራች መሃል ገባች። አልደነገጠችም። «አያ ጅቦ፣ ጉርሻውን ተወውና አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምና ሸለምጥማጥ ስንት አገባባችሁ?»

«ዘጠኝ።»

«ይኸው ሸለምጥማጥ ዓመቱን ሙሉ በእኔ አጥር ሥር ያድራል። ጫጩት እንደሚወድ ታውቃለህ። ከእኔ ስንት የወሰደ ይመስልሃል?»

አያ ጅቦ ጫጩቶቹን አየ። ሰባት ፈልፍላለች የተባለች ዶሮ ሰባቱንም ከኋላዋ አሰልፋለች። ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«ነገ ጠዋት ሜዳ እንገናኝ» አለች እትዬ ገብስማ። «የዘገየ ሜዳውን በአንድ እግሩ ይዞራል።»

በመጀመሪያው ጠዋት ተሰለፉ። «ኳሷስ?» አለ ከርከሮ።

«ኳሷ ዛሬ እረፍት ናት።»

ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተሰፋችው ኳስ ከሜዳው ዳር፣ «ተመስገን! ስንት ዓመት ስረገጥ አንድ እንኳ የሚያስብልኝ አልነበረም!» ብላ በጀርባዋ ተንጋለለች።

እትዬ ገብስማ ወደ ከርከሮ ዞረች። «አንተ፣ ማታ ጉድጓድህ ስትገባ እንዴት ነው የምትገባው?»

«በጀርባዬ ነዋ! ፊቴ ወደ ውጭ፣ ጥርሴ ወደ ውጭ።»

«ለምን?»

«እንዴ፣ አንዱ ከኋላዬ ቢገባብኝስ?»

«በቃ፣ ጎላችን ጉድጓድህ ነው። ከዚህ ንቅንቅ የለም።»

ከርከሮ አሰበ፣ አሰበና ወደ ኋላው እያፈገፈገ ድንጋዮቹ ፊት ገጠም አለ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ የቆመ መሰለ። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ስሮጥ የነበረው ለምንድን ነው?» አለ።

በሁለተኛው ጠዋት አህያን ጠራችው። «ጅቦን ትፈራዋለህ?»

አህያ ግራ ቀኝ አየ። «እትዬ፣ ሰው መሃል እንዲህ ይጠየቃል?»

«ፍራው። ዓይንህን ከእሱ አትንቀል። ብቻ እሱ ከፊት ይቁም፣ አንተ ከኋላው ቁም።»

አህያ ከጅቦ ኋላ ቆሞ አያ ጅቦን ሲያይ፣ ከጅቦ ጀርባ ባሻገር ሜዳው ሙሉ ታየው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቃራኒን ጎል አየ። «ውይ፣ እዚያም ድንጋይ አለ ለካ!» አለ።

«እኔስ?» አለ አያ ጅቦ። «አህያ ከኋላዬ ከሆነ እኔ ምን ልይ?»

«አንተማ አፍንጫ አለህ። ሸለምጥማጥ ምን ምን ይላል?»

አያ ጅቦ አሸተተ። «የዶሮ ላባ፣ የዶሮ ሥጋ...» አለና አፈረ። «ይቅርታ እትዬ።»

«ሽታው በሄደበት ሂድ። ማየት አይጠበቅብህም።»

በሦስተኛው ጠዋት ጉሬዛ ፊት ቆመች። «አንተስ?»

«እኔ... እኔ ኳስ ነው የምይዘው።»

«ብትይዝማ ዘጠኝ ባልገባ! ከዚህ ቆመህ ምን ይታይሃል?»

«ሁሉም።»

«ሸለምጥማጥ ሲሾልክ ታየዋለህ?»

«ገና ሲያስብ ነው የማየው።»

«ለማን ነገርክ?»

ጉሬዛ መሬት መሬት አየ። «ለማንም።»

እትዬ ገብስማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ ልጄ። እኔ ክንፌ ሁለት ነው፣ ጫጩቶቼ ሰባት ናቸው። በክንፌ አይደለም ያሳደግኳቸው፤ በድምፄ ነው። ና፣ ‹ሰብሰብ› በል።»

«ሰብሰብ» አለ ጉሬዛ።

«እሱ ሳል ነው። ድገም።»

«ሰብሰብ።»

«በረኛችን ትንኝ ዋጠ!» አለ አያ ጅቦ። ሁሉም ሳቁ። ጉሬዛም እንደ ልማዱ አብሮ ሳቀ፤ ድምፁም ጉሮሮው ውስጥ ተመልሶ ተኛ። አያ ጅቦ ላይ መጮህ እንዴት ይቻላል? እዚያ ሁሉ ጥርስ ላይ?

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ዳኛው ቁራ ነው፤ ፊሽካ አያስፈልገውም። «ቋ!» አለ፣ ተጀመረ።

ሸለምጥማጥ በቀኝ መጣ፣ አያ ጅቦ አፍንጫውን አስቀድሞ እዚያ ደረሰ። በግራ መጣ፣ እዚያም ደረሰ። አንዴ አምልጦ ወደ መሃል ገባ፤ ከርከሮ ጥርሱን አሹሎ ጉድጓዱ ላይ ቆሟል። «እንዴ፣ እነዚህ ምን ቀምሰው ነው የመጡት?» አለ ሸለምጥማጥ። የታች ሰፈር ደጋፊ ጎል ሳይቆጠርበት እስከ እረፍት ሲቆይ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ መቼ እንደሚጮህ ራሱ ጠፋው።

ከእረፍት በኋላ ጥንቸል ከላይ ሰፈር ሦስቱን አታልላ አንድ አገባች። ያን ጊዜማ ሜዳው ቀለጠ! ጋሽ ኤሊ እንኳ ሲዘሉ ታዩ ይባላል። ምን ያህል ከፍ አሉ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

የላይ ሰፈሩ ቀበሮ ግን ነቄ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከሜዳው ዳር ቆሞ፣ «አያ ጅቦ፣ ለፍተሃል፣ አፍህን አርጥብ» አለና ሥጋ ያልተለየው አጥንት ወረወረ። አጥንቱ ከታች ሰፈር ጎል አጠገብ፣ ከአህያ ኋላ ወደቀ።

አያ ጅቦ አላየሁም ሊል ሞከረ። አፍንጫው ግን አየ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስተኛው ላይ ሮጠ። ከፊት ባዶ ሆነ። ሸለምጥማጥም ኳሷን ይዞ በዚያ ባዶ ውስጥ ገባ።

ጉሬዛ አየው። እንደ ዱሮው ገና ሲያስብ ነው ያየው። አህያ ዓይኑን ከጅቦ መንቀል አቅቶት ወደ ኋላ ዞሯል። ከርከሮ ብቻውን ነው። ጉሬዛ ጭቃው በጥርሱ መሃል ሲፈጭ ተሰማው። የሚስቁበት ፊቶች ታዩት። አያ ጅቦ አጥንቱን በአፉ ይዞ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል፤ ያ ሁሉ ጥርስ። አፉን ከፈተ።

«ሰብሰብ!»

ገደሉ «ሰብሰብ» ብሎ መለሰ። ቁራው ከቅርንጫፉ ሊወድቅ ነበር። የእትዬ ገብስማ ጫጩቶች ሰባቱም ሮጠው እናታቸው ክንፍ ሥር ገቡ።

«ከርከሮ፣ ወደ ግራ! አህያ፣ ጅቦን ተወው! ዙር! ኳሷ ከፊትህ ናት! አያ ጅቦ፣ አንተ ሆዳም፣ ግባ!»

ከርከሮ ወደ ግራ ገጠመ። ሸለምጥማጥ መንገዱ ቢዘጋበት ወደ አህያ ታጠፈ። አህያ ዞሮ ኳሷን አየ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ አህያ አጥብቆ የሚመታው በኋላ እግሩ ነው። ለመምታት እንደገና መዞር፣ ጅቡን ሳይሆን የራሱን ጎል ማየት አለበት፤ ጅቡ ጎኑ ላይ ነው፣ ጭኑም ራቁቱን ነው። አህያ ዓይኑን ጨፈነ። «እናቴ ሆይ!» አለና በሁለት እግሩ አነሣት።

ኳሷ በሸለምጥማጥ ጆሮ አጠገብ አልፋ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ምንጯን ተሻግራ ሄደች። «ዋይ ዋይ ዋይ፣ ይች ደግሞ ጣፋጭ ናት!» ስትል እስከ ሩቅ ተሰማች። ቁራው «ቋ!» አለ። አለቀ።

አህያ ዓይኑን ሲገልጥ አያ ጅቦ አፍንጫው አጠገብ ቆሟል። አጥንቱን መሬት ጥሎታል። «አንተ፣» አለ አያ ጅቦ፣ «እንዲህ የምትመታ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ የምፈራህ እኔ ነኝ!» ተያይዘው ወደቁ። ሰፈሩ ሁሉ ላያቸው ላይ ወደቀ። ከሥር ደግሞ፣ «ልብሴን! ልብሴን ሰበራችሁት!» እያሉ የሚጮኹት ጋሽ ኤሊ ነበሩ።

ጉሬዛን በትከሻቸው አነሡት። ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋው ግን ከመጮህ ብዛት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ምንጯ ጠርታ ጠበቀቻቸው። ከሥሯ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። «ማን ይቅደም?» ሲባል አንድም አልተከራከረም፤ እትዬ ገብስማ ፊት ሆነች። ጎንበስ አለች፣ አንዲት ጠብታ ወሰደች፣ ራሷን ቀና አድርጋ ሰማዩን አየች። እንደገና ጎንበስ፣ እንደገና ቀና። ጎንበስ፣ ቀና። ሰልፉ በጥማት ተቃጠለ። ዝሆን አንዴ በኩምቢው ቢስብ የሚጨርሰውን እሷ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠጣች።

በመጨረሻ አያ ጅቦ አንገቱን ሰበር አድርጎ በጣም በትህትና፣ «እትዬ፣ አንዴውኑ ብትጨልጪው ምን አለበት?» አለ።

«ወደ ታች ጠጣ፣ ወደ ላይ እይ» አለች ሳትዞር። «ጭልፊት ‹ጠጥተሽ ጨርሺ› ብሎ አይጠብቅም። ተከላካይ የሚጠጣው እንዲህ ነው። ይልቅ እስኪደርስህ ተለማመድ።»

እና ያን ቀን ያለፈ ሰው ቢኖር ጉድ ያይ ነበር። ጅብ፣ አህያ፣ ከርከሮና ጉሬዛ ምንጭ ዳር ተሰልፈው፣ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ንጹሕ ውሃ ሲጠጡ።

እንግዲህ ልጆች፣ ቤታችሁን የሚጠብቅ ስትፈልጉ የጥርሱን ርዝመት አትለኩ። ምን አሳድጎ ለወግ እንዳበቃ ጠይቁ። ያየ ደግሞ አይቶ ዝም አይበል።

እኔ በቃኝ፣ ደከመኝ። ቀይሩኝና ሌላ ተራኪ አስገቡ።